ፓስፖርቱ ብቻውን አይጫወትም፦ ለሁለተኛ አገር ስለሚሰለፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳዳሪዎች

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ለተወለደበት አገር ሳይሆን በኋላ ለተቀበለው አገር የሚሰለፍ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነው። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ታማኝነትና ወደ ገንዘብ ያደላል። ሁለቱም ቢነሡ ነውር የለውም፤ ዝውውሩ ይስመር ወይም ይክሸፍ የሚወስኑት ግን እነሱ አይደሉም። የሚወስነው ተጫዋቹ በአዲሱ ፌዴሬሽን ስም የተመዘገበበት ቀን ነው፤ ቀጥሎም በየማለዳው ከጠረጴዛው ማዶ የሚቆምለት ሰው። ብዙ ፌዴሬሽኖች ጉልበታቸውን ፓስፖርቱን በማስገኘት ይጨርሱና ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ሳያስቡበት ይቀራሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በመጀመሪያ ለምን ይሄዳሉ? መልሱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። በኦሊምፒክ የነጠላ ውድድር አንድ አገር በየጾታው ማሰለፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው። እስከ ቤጂንግ 2008 ሦስት ነበር፤ በዚያ ኦሊምፒክ ቻይና በወንዶችም በሴቶችም ወርቁን፣ ብሩንና ነሐሱን ጠቅልላ ወሰደች፤ ከለንደን 2012 ጀምሮ ኮታው ሁለት ሆነ። እንግዲህ በየክፍለ ሀገሩ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው ቡድኖች ባሉበት አገር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቀን ሁለቴ እየተለማመደ ያደገ ነገር ግን በአገሩ አሥራ አምስተኛ የሆነ ተጫዋች ምን ይሁን? ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ አንደኛ ነው። በአገሩ ግን የሌሎች ልምምድ አጋር ሆኖ ዕድሜው ያልፋል። ለዚህ ነው ስለዚህ ስፖርት ዝውውር ስናወራ ምሳሌዎቻችን አብዛኞቹ በቻይና የተወለዱ ሰዎች የሚሆኑት።

ሁሉም ግን በአንድ መንገድ አልሄዱም። ገና ሳይደርሱ የሄዱ አሉ፤ ጫፍ ከደረሱ በኋላም የሄዱ አሉ። ቼን ጂንግ በሴኡል 1988፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካተተበት ዓመት፣ ለቻይና የሴቶች ነጠላ ወርቅ አመጣች። በአትላንታ 1996 ብር፣ በሲድኒ 2000 ነሐስ ያገኘችው ግን ለቻይኒዝ ታይፔ (ታይዋን በኦሊምፒክ ለምትሰለፍበት ስም) ተሰልፋ ነው። በዚያው ሴኡል ከቼን ሎንግካን ጋር የወንዶች ጥንድ ወርቅ የወሰደው ዌይ ቺንግጓንግ ሲድኒ ላይ የታየው ሴይኮ ኢሴኪ በሚል የጃፓን ስም ነበር። ጋኦ ጁን ባርሴሎና 1992 ላይ ለቻይና በጥንድ ብር ካገኘች በኋላ ለአሜሪካ ተጫወተች።

ሄ ዢሊ ደግሞ ተጣልታ የሄደች ናት። በ1987 በኒው ዴልሂ የዓለም ሻምፒዮና አሠልጣኞቿ ለቡድን ጓደኛዋ ግማሽ ፍጻሜውን እንድትለቅ ነገሯት፤ እምቢ ብላ አሸነፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። በቀጣዩ ዓመት ለሴኡል ኦሊምፒክ አልተመረጠችም። ጃፓናዊ አግብታ ቺሬ ኮያማ ተባለች፤ በ1994 በሂሮሺማ የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ የወቅቱን የዓለም አንደኛ ዴንግ ያፒንግን ረትታ ወርቁን ለጃፓን አስገኘች። ቻይና ውስጥ የተነሣባት ቁጣ ቀላል አልነበረም። በእኛ አስተያየት ግን ከዚህ ታሪክ ፌዴሬሽኖች ሊወስዱት የሚገባው ቁጣውን ሳይሆን አስቀድሞ የሆነውን ነው። ተጫዋች በብዛት የሚያጣው ተጫዋቹን ማን ይግባ ማን ይውጣ በሚል ጓዳ ውስጥ የሚያሰላ ፌዴሬሽን ነው።

አሁን ወደ ደንቡ እንግባ፤ ብዙው ኪሳራ የሚደርሰው እዚህ ነው። አንድ ተጫዋች አገር ሲቀይር የሚቆጥሩበት ሰዓቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማደባለቅ ዓመታት ያስከፍላል።

የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሰዓት ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ አዲስ ዜግነት ያገኘን ተጫዋች በዓለም ሻምፒዮናና መሰል ዋና ዋና ውድድሮች ለአዲሱ አገር ለማሰለፍ የጥበቃ ጊዜ አስቀመጠ። በወጣበት ጊዜ እንዲህ ይል ነበር፤ ሲመዘገብ 15 ዓመት ያልሞላው ሦስት ዓመት ይጠብቃል፤ ከ15 እስከ 18 መካከል ያለ አምስት ዓመት፤ ከ18 እስከ 21 መካከል ያለ ሰባት ዓመት። 21 ዓመት ከሞላው በኋላ የተመዘገበ ደግሞ በሩ ተዘጋበት። ደንቡ ከዚያ ወዲህ በየጠቅላላ ጉባኤው እየተነካካ መጥቷል፤ ስለዚህ ለሥራ ስትፈልጉት የዘንድሮውን እትም አንብቡ። መሠረቱ ግን አልተለወጠም፦ ተጫዋቹ በዕድሜ በገፋ ቁጥር ጥበቃው ይረዝማል፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ፓስፖርት ከወጣበት ቀን ሳይሆን ፌዴሬሽኑ ከመዘገበው ቀን ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በመጀመሪያው ደንብ ቁጥር እናስላው። አንዲት ልጅ 14 ዓመት ከ10 ወር ሲሆናት ዜግነቷ ጸደቀ እንበል። በዚያው ሳምንት ከተመዘገበች በ17 ዓመት ከ10 ወሯ የዓለም ሻምፒዮና መጫወት ትችላለች። ወረቀቱ ግን በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ቢተኛና የምትመዘገበው በ15 ዓመት ከ1 ወሯ ቢሆን፣ ጥበቃዋ አምስት ዓመት ይሆንና 20 ዓመት ከ1 ወር እስኪሞላት ትጠብቃለች። የሦስት ወር መዘግየት ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ወሰደባት። 18ኛው ልደት ላይም ተመሳሳይ ገደል አለ። 21ኛው ላይ ያለው ግን በዚያ ደንብ ገደል ብቻ አልነበረም፤ ግንብ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የፌዴሬሽን ጸሐፊ ማድረግ ያለበት የመጀመሪያ ነገር የተጫዋቹን የልደት ቀን ግድግዳ ላይ ጽፎ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው የኦሊምፒክ ሰዓት ነው። በኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 41 መሠረት፣ አንድን አገር ወክሎ በኦሊምፒክ፣ በአህጉር ወይም በዓለም ሻምፒዮና የተሰለፈ ሰው ለሌላ አገር ለመሰለፍ የቀድሞውን አገር ለመጨረሻ ጊዜ ከወከለበት ቀን አንሥቶ ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት። የሁለቱ አገሮች ኦሊምፒክ ኮሚቴዎችና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከተስማሙ፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ጊዜውን ሊያሳጥር ወይም ሊያነሣ ይችላል። እዚህ ዕድሜ አይጠየቅም። ለዚህ ነው በጎልማሳነቱ የተዛወረ ተጫዋች በ2008ቱ ደንብ የዓለም ሻምፒዮና በር ተዘግቶበት በኦሊምፒክ ሊታይ የቻለው። ተመልካቹ ግራ ይጋባል፤ ደንቡ ግን ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ተጫዋች አገር ወክሏል የሚባለው ኳስ ሲመታ ብቻ አይደለም። ለመሰለፍ መመረጡን ከተቀበለ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢመለስም ወክሏል። ስለዚህ ለመዛወር ያሰበ ወጣት የድሮ ፌዴሬሽኑ ‹‹ለአንድ ውድድር ብቻ ተጠባባቂ ሁንልን›› ብሎ ሲጠራው በፈገግታ እሺ ቢል፣ ሦስት ዓመቱን ከዜሮ ጀመረ ማለት ነው። ሌላው ሒሳብ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው የሚለው ነው። የፓሪስ ኦሊምፒክ የተከፈተው ጁላይ 26 ቀን 2024 ነበር፤ የማጣሪያ ውድድሮች ግን የሚካሄዱት ወራት ቀድመው ነው። ስለዚህ ሦስቱ ዓመት ማለቅ ያለበት ከመክፈቻው በፊት ሳይሆን ከማጣሪያው በፊት ነው ብሎ ማቀድ ይበጃል።

ሦስተኛ ሰዓትም አለ ብንል አልተሳሳትንም፤ እሱም የዜግነት ሕግ ነው። ይህ የስፖርት ደንብ አይደለምና ፌዴሬሽን አያዝበትም። የቻይና የ1980 ዜግነት ሕግ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ ውጭ አገር ኖሮ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የቻይና ዜግነቱ ወዲያው ይቀራል። ሲንጋፖርና ጃፓንም ለአዋቂ ሁለት ፓስፖርት አይፈቅዱም። ስለዚህ ከሻንጋይ ወይም ከሃርቢን ተነሥቶ ሲንጋፖር የሚገባ ተጫዋች የሚያቃጥለው ድልድይ ከኋላው ነው፤ መመለስ ቢፈልግ የራሱ አገር ውስጥ የቪዛ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ጀርመን ውስጥ ዜግነት ለማግኘት በመደበኛው መንገድ ስምንት ዓመት መኖር ይጠይቅ ነበር፤ በጁን 2024 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ወደ አምስት አውርዶታል። የሃያ ዓመት ተጫዋች በሊግ ክለብ ተቀጥሮ መጥቶ በመደበኛው መንገድ ቢጠብቅ፣ ዜጋ ሲሆን በመጀመሪያው ደንብ የነበረው የምዝገባ የዕድሜ ገደብ አልፎታል።

ወረቀቱን ስናነሣ ስለ ስምም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በዝውውር ስም ይለወጣል፤ ኮያማንና ኢሴኪን አይተናል። ከቻይንኛ ወደ ሌላ ፊደል ሲገለበጥም የቤተሰብ ስም አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ይጻፋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የዜግነት ሰነድና የውድድር ምዝገባ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል ካልገጠመ ምዝገባው ይመለሳል፤ ቀኑም ከተመለሰበት በኋላ ይሆናል። ከላይ ያልናትን የ14 ዓመቷን ልጅ አስታውሱ።

በጥበቃ ጊዜ ተጫዋቹ ምን ያድርግ? የዓለም ደረጃ ነጥብ የሚሰላው ባለፉት 12 ወራት ከተገኙ ስምንት ምርጥ ውጤቶች ነው። አንድ ዓመት ሳይጫወት የቀረ ተጫዋች ነጥቡ ሙልጭ ይላል፤ ሲመለስ ከቅድመ ማጣሪያ ይጀምራል፤ በዕጣ ማውጣትም ከጠንካሮቹ ጋር ገና በመጀመሪያው ዙር ይገጥማል። ስለዚህ የሚፈቀዱለትን ክፍት ውድድሮች መፈለግ፣ ካልሆነም በጠንካራ ሊግ ክለብ መጫወት ግድ ነው። የጀርመን ቡንደስሊጋ ለብዙዎች ይህን አገልግሎት ሰጥቷል፤ በ2018 የተጀመረው የጃፓን ቲ ሊግም ሌላ በር ሆኗል። ሊግ ነጥብ ባይሰጥም ውጥረት ያለበት ጨዋታ ይሰጣል። ውጥረት ደግሞ በልምምድ አዳራሽ አይመረትም።

ተጫዋቹ ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ ተፈቅዶለታል እንበል። አሁን የምንደርስበት ከዜግነት ቢሮ ይልቅ የሚከብደው ቦታ ነው፤ አዳራሹ።

ከትልቅ ሥርዓት የወጣ ተጫዋች ያደገው በየቀኑ ከእሱ እኩል ወይም ከእሱ በሚበልጡ ሃያና ሠላሳ ሰዎች መካከል ነው። ግራኝ ሲፈልግ ግራኝ አለ፤ ከጠረጴዛው ርቆ እየቆረጠ የሚከላከል ሲፈልግ እሱም አለ። አዲሱ አገር ሲደርስ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ይህ መጀመሪያ ደስ ይላል። በሁለተኛው ዓመት ግን ሰርቭ (የመክፈቻ ምት) የሚቀበልበት ጊዜ አንድ ቅጽበት ይዘገያል። ምክንያቱም በየቀኑ የሚመጣለት ኳስ ቀርፋፋ ነው፤ ሰውነቱም ለቀርፋፋው ራሱን ያስተካክላል። አሠልጣኞች ‹‹ዕድሜው ነው›› ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም፤ የልምምድ አጋሩ ነው።

መፍትሔው አንድ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ከርካሹ እንጀምር። አሠልጣኙ በሳጥን ሙሉ ኳስ ይዞ ከመረቡ ጎን ቆሞ በተከታታይ የሚመግብበት ልምምድ የአጋርን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ሳጥኑ ከ100 እስከ 150 ኳስ ቢይዝ ይበቃል። አንዱ ዙር ከ60 እስከ 80 ኳስ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ እንዲህ እያለ ስምንት ወይም አሥር ዙር። ጥቅሙ አሠልጣኙ ከማንኛውም አጋር በላይ ፍጥነቱን መጨመር መቻሉ ነው። ችግሩ ኳሱ የሚመጣው ከጠረጴዛው ጎን እንጂ ከተቃዋሚ ራኬት አይደለም፤ ተጫዋቹ የተቃዋሚን ክንድና አንጓ አንብቦ የመገመት ችሎታውን አይለማመድም። ስለዚህ ከጠቅላላው ልምምድ ከሲሶ ቢበልጥ እግር ያፈጥናል፤ ዓይን ግን ያደነዝዛል።

ሁለተኛው መፍትሔ አጋር መቅጠር ነው። እዚህ ላይ ፌዴሬሽኖች የሚሠሩት ተደጋጋሚ ስሕተት ጎበዝ ነው የተባለ አንድ ሰው ቀጥሮ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። አንድ አጋር በስድስት ወር ውስጥ ይለመዳል፤ ተጫዋቹ ሰርቩን ሳያይ ያውቀዋል። ሁለት በየስድስት ወሩ የሚቀያየሩ አጋሮች፣ አንዱ ግራኝ ወይም ቆራጭ ቢሆን፣ ከአንድ ውድ ቋሚ አጋር ይበልጣሉ።

ሌላው የሚረሳው ቋንቋ ነው። በሁለት ጌሞች (የአንድ ጨዋታ ክፍሎች) መካከል ያለው ዕረፍት አንድ ደቂቃ ነው፤ በአንድ ጨዋታ የሚፈቀደው ታይም አውትም አንድ ሲሆን ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ አሠልጣኝ ኳስ በጨዋታ ላይ እስካልሆነ ድረስ በማንኛውም ጊዜ ምክር መስጠት ይችላል። በአስተርጓሚ የሚያልፍ አንድ ደቂቃ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙና ተጫዋቹ ከአሥራ አምስት የማይበልጡ አጫጭር ቃላት ይስማሙ፤ አጭር ሰርቭ፣ ወደ መካከል፣ ፍጥነት ቀንስ፣ መጀመሪያ አንተ አጥቃ የመሳሰሉትን። በጥንድ ጨዋታ ደግሞ ሰርቭ የሚመታው ሰው ለአጋሩ ከጠረጴዛው ሥር በጣት ምልክት ይሰጣል። ሁለት ሰዎች ከሁለት ሥርዓት መጥተው ምልክታቸውን ካላስማሙ፣ አንዱ ባክስፒን (የኋላ ሽክርክሪት) ያሳየበት ጣት ለሌላው የጎን ሽክርክሪት ይሆናል፤ መልሱን የሚያጠቃው ሰው እግሩ የተሳሳተ ቦታ ቆሞ ይገኛል።

የአጨዋወት ስልት ጉዳይ ከሁሉ የሚጥመን ነውና ትንሽ እንቆይበት። የውጭ ተጫዋች የሚያመጣው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከብርታቱ ይልቅ እንግዳነቱ ነው። የራኬቱን ገጽ ከሚሸፍኑት ላስቲኮች መካከል ረጃጅም ጉጦቹ ወደ ውጭ የወጡበትን ውሰዱ። ጉጦቹ ለስላሳ ስለሆኑ ኳሱ ሲያርፍባቸው ይታጠፋሉ፤ ኳሱን ይዘው አዲስ ሽክርክሪት አይሰጡትም። ስለዚህ በቶፕስፒን (በፊት ሽክርክሪት) የላካችሁት ኳስ አብዛኛውን ሽክርክሪት እንደያዘ ይመለሳል፤ ከእናንተ በኩል ሲታይ ባክስፒን ሆኗል። ይህን ያልለመደ ተጫዋች እንደ ተራ ኳስ ሲመታው መረብ ውስጥ ይከተዋል። የለመደ ሰው ግን መጀመሪያ ያለ ሽክርክሪት ያነሣዋል፣ ከዚያ ያጠቃል። ደንቡ ይህን ላስቲክ በየጊዜው ገድቦታል። ከ1999 ጀምሮ የጉጡ ርዝመት ከውፍረቱ ከ1.1 እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ በ2008 ደግሞ ጨርሶ ሰበቃ የሌላቸው ላስቲኮች ታገዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ገደብ ግን የቀለም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የራኬቱ አንዱ ገጽ ቀይ ሌላው ጥቁር ይሁን ተባለ። ከዚያ በፊት ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ቀለም ሊኖራቸው ስለሚችል፣ በጨዋታ መካከል ራኬቱን በጣት አዙሮ በየትኛው ገጽ እንደመታ መደበቅ ይቻል ነበር። በዚያ ላይ ጨዋታቸውን የገነቡ ሰዎች በአንድ ደንብ ግማሽ ጦራቸውን አጡ። ዜንግ ዢዪንግ ከነዚህ አንዷ ናት፤ የቻይና ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የነበረች ወጣት ከቀለሙ ደንብ በኋላ ከቡድኑ ወጣች፤ በ1989 ቺሊ ገባች፤ ታኒያ ዜንግ ተባለች፤ ኑሮዋን በንግድ አቋቋመች፤ በ58 ዓመቷ በፓሪስ 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ተጫወተች። ለሊባኖሷ ማሪያና ሳሃኪያን 4 ለ 1 ተሸንፋ ወጣች። በ2023 የሳንቲያጎ ፓን አሜሪካን ጨዋታዎች ግን ከቺሊ ሴቶች ቡድን ጋር ነሐስ አግኝታለች።

የኒ ሺያሊየን ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1983 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ለቻይና በቡድንና ከጉኦ ዩኹዋ ጋር በድብልቅ ጥንድ ወርቅ ያገኘች፣ ግራኝ፣ ራኬቷን እንደ እስክሪብቶ የምትይዝና ባለጉጥ ላስቲክ የምትጠቀም ተጫዋች ናት። ወደ ጀርመን ሄዳ በኋላ ሉክሰምበርግ ኑሮዋን አደረገች፤ ለሉክሰምበርግም ከ2000 ጀምሮ ስድስት ኦሊምፒክ ተሰለፈች። በ2021 በሂዩስተን የዓለም ሻምፒዮና ከሣራ ዴ ኑተ ጋር በሴቶች ጥንድ ነሐስ አገኘች፤ ያኔ 58 ዓመቷ ነበር። በፓሪስ በ61 ዓመቷ የቱርክዋን ሲቤል አልቲንካያ 4 ለ 2 አሸንፋ ቀጥሎ በቻይናዋ ሱን ዪንግሻ 4 ለ 0 ተረታች። ብዙ ሰው ይህን የጽናት ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል። ጽናትም አለበት። ለባለሙያ ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ ዛሬ በአውሮፓ የሚያድጉ ወጣቶች የእርሷን ዓይነት አያያዝና ላስቲክ የሚገጥሙት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። እርሷ ከጠረጴዛው አትርቅም፣ ብዙ አትሮጥም፣ ኳሱን ወደማይመች ጥግ ትልካለች፤ ሩጫው የተቃዋሚዋ ነው። ይህች ተጫዋች ቻይና ውስጥ ብትቆይ የእርሷ ስልት በየአዳራሹ ይገኝ ስለነበር እንግዳነቱ አይጠቅማትም ነበር።

የተቀባዩ አገር ሒሳብስ? የቡድን ውድድር ቅርጽን ሳያዩ ተጫዋች የሚያስመጡ አሉ። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒክ የቡድን ግጥሚያ የሚጀምረው በጥንድ ነበር፤ ከዚያ አራት ነጠላ፤ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። በዚህ አሰላለፍ አንደኛው ተጫዋች ሁለት ነጠላ ይጫወታል፤ የቀሩት ሁለቱ ጥንዱን ይዘው አንዳንድ ነጠላ ይጫወታሉ። እንግዲህ አንድ ድንቅ የውጭ ተጫዋች ቢመጣ የሚያመጣው ቢበዛ ሁለት ነጥብ ነው። ሦስተኛው ከአገር ልጆች ካልመጣ ቡድኑ ሁልጊዜ 3 ለ 2 ይሸነፋል። በዓለም የቡድን ሻምፒዮና አምስቱም ነጠላ ሲሆኑ፣ አንድ ሰው ከሁለት በላይ አይጫወትም፤ ሒሳቡ ያው ነው። ጀርመን በሪዮ 2016 የሴቶች ቡድን ብር ስታገኝ ሃን ዪንግና ሻን ሺያኦና በቻይና የተወለዱ ነበሩ፤ ፔትሪሳ ሶልያ ደግሞ ጀርመን ያደገች ናት። ሦስቱም ያስፈልጉ ነበር።

ሲንጋፖር ሌላውን መንገድ መረጠች። በ1993 በጀመረችው የውጭ ስፖርተኞችን የማምጣት ዕቅድ ሙሉ ቡድን ገነባች። ፌንግ ቲያንዌይ ከሃርቢን በ2007 መጥታ በ2008 መጀመሪያ ዜጋ ሆነች፤ በዚያው ዓመት ከሊ ጂያዌይና ከዋንግ ዩዌጉ ጋር በቤጂንግ የቡድን ብር ወሰደች። በ1960 ታን ሃው ሊያንግ በክብደት ማንሣት ካገኘው ብር ወዲህ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነበር። በ2010 በሞስኮ የዓለም የቡድን ሻምፒዮና፣ ከ1993 ጀምሮ የሴቶችን የቡድን ዋንጫ ይዛ የቆየችውን ቻይናን 3 ለ 1 አሸነፉ። በፍጻሜው የተሰለፉት ሦስቱም ቻይና የተወለዱ ነበሩ። በለንደን ፌንግ በነጠላም በቡድንም ነሐስ ጨመረች። ሕዝቡ ግን በሁለት ተከፈለ፤ ሜዳሊያው የእኛ ነው ወይ የሚለው ክርክር በየጋዜጣው ቀጠለ። በእኛ እምነት ክርክሩ የተሳሳተ ጥያቄ ይዞ ነበር። ተገቢው ጥያቄ ‹‹የአሥር ዓመት የአገር ልጅ ከፌንግ ጋር በሳምንት ስንት ሰዓት በአንድ አዳራሽ ይለማመዳል?›› የሚል ነው። መልሱ ዜሮ ከሆነ ገንዘቡ የገዛው ሜዳሊያ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ከማንኛውም የአሠልጣኞች ኮርስ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ተከፍቷል።

ጃፓን ውስጥ የታየው ከዚህ የተለየ ነው። ቶሞካዙ ሃሪሞቶ በሴንዳይ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከቻይና የመጡ ተጫዋቾች የሆኑ ልጅ ነው። በ2014 የጃፓን ዜግነት አገኘ፤ በ2017 በ13 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። እሱን ከውጭ ከመጡ ተጫዋቾች ተርታ ማስገባት ስሕተት ነው፤ ያደገው በጃፓን ውስጥ ነው። ነገር ግን ለፌዴሬሽን ሥራ የሚያስተምረው አለ፤ የሌላ ሥርዓት እውቀት የሚሻገረው በተጫዋች ብቻ አይደለም። አሠልጣኝ ሆነው የሚቀሩ፣ ቤተሰብ የሚመሠርቱ ሰዎች ይበልጥ ሥር ይሰዳሉ፤ የምዝገባ ጥበቃም የለባቸውም።

የቀረው ውሉ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያስቸግራልና ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። የሚከፈለው በወር ነው ወይስ በውጤት? በውጤት ብቻ ከሆነ ተጫዋቹ ቀላል ውድድር እየመረጠ ይሄዳል፤ ደረጃውም ይወርዳል። ጉዳት ቢደርስበት የሕክምናውን ወጪ ማን ይችላል፣ ለስንት ወር? በጥበቃው ዓመታት ደመወዙ ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? ሊግ ክለቡና ብሔራዊ ቡድኑ በአንድ ቀን ቢጠሩት ማን ይቀድማል? ቀጣሪው ብሔራዊ ቡድን አያስፈልግህም ቢለው በግሉ የመወዳደር መብቱ የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ባዶ ጥያቄ አይደለም። የሲንጋፖር ፌዴሬሽን በኦክቶበር 2016 ፌንግ ቲያንዌይ በወደፊት ዕቅዱ ውስጥ እንደሌለች አስታወቀ። እርሷ ግን ለሲንጋፖር መጫወቷን ቀጠለች፤ በ2022 በበርሚንግሃም የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በነጠላ፣ በጥንድና በቡድን ሦስት ወርቅ አገኘች። የነጠላውን ፍጻሜ ያሸነፈችው 3 ለ 0 ከተመራች በኋላ ነው፤ ተጋጣሚዋም እንደ እርሷ ቻይና ተወልዳ ለሲንጋፖር የምትጫወተው ዜንግ ጂያን ነበረች።